የአክሱምና የስናር የንግሥ ሥርዐት ከበለስ ሸለቆ አንጻር ሲታይ

ፓዌ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በበለስ ወንዝ ሸለቆ የሚገኝ አገር ነው። ስሙ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፥ በድርቅ የተጐዳ ሕዝብ ከወሎና ከሌላም ስፍራ መጥቶ በሰፈረበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው ጉሙዝ ከዚያ አስቀድሞ በሁለት መንግሥታት መካከል ለብዙ ዘመን ኖሮአል። በስተ ምሥራቅ የሰሎሞናውያን ነገሥታት፥ በስተ ምዕራብ ደግሞ ከ1504 እስከ 1821 የቈየው የስናር የፉንጅ መንግሥት ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የሁለቱን የንግሥ ሥርዐት አቀራርቦ መመርመርና፥ ምርመራው በመካከል ስለ ነበረው ሕዝብ የሚያስተምረንን ማመልከት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአክሱም የሚፈጸመው ሥርዐት ሥርዐተ ቍርሐት ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከንጉሡ ጠጕር መቈረጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1436፥ ዐፄ ሠርፀ ድንግልም በ1579 ይህን ሥርዐት ፈጽመዋል። ዜና መዋዕሉ ስለ ሠርፀ ድንግል እንደሚተርከው፥ ንጉሡ ወደ ጽዮን ሲቀርቡ የጽዮን ደናግል ገመድ ዘርግተው መንገዱን ዘጉባቸው፤ ማን እንደ ሆኑም ጠየቁአቸው። ንጉሡ ዘራቸውን ቈጥረው ቢመልሱም አላሳለፉአቸውም። በሦስተኛው ጊዜ የጽዮን ንጉሥ መሆናቸውን ተናግረው ገመዱን በሰይፍ በጠሱ፤ ደናግሉም ንግሣቸውን በእልልታ መሰከሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሠርፀ ድንግል በዚያን ጊዜ ከ15 ዓመት በላይ የነገሡና ቱርኮችን ድል አድርገው የመጡ መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለው ንጉሥ እንኳ እንደ እንግዳ ቆሞ መጠየቅና መመለስ ነበረበት።

የስናር ንጉሥ የንግሥ ምልክት ባለ ሁለት ቀንድ ቆብ ነበር፤ ለገባር አለቆቹም ይህንኑ ቆብ እየሰጠ ይሾማቸው ነበር። በ1772 በስናር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሁለት ነገሮችን ጽፎአል። አንደኛው፥ ንጉሡ ሲነግሥ፥ ታላላቅ ሹማምንት መንግሥቱ አይበጅም ብለው ቢፈርዱበት በሕግ ሊገደል እንደሚችል ተቀብሎ የሚነግሥ መሆኑ ነው፤ ይህን የሚፈጽም ሹምም ተለይቶ የታወቀ ነበር። ሁለተኛው፥ ንጉሡ በዘመኑ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ እርፍ ጨብጦ ማረስና መዝራት የሚገባው መሆኑ ነው። ብሩስ ለአገሩ በጎ አመለካከት ያልነበረው ምስክር ስለ ሆነ፥ ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ይሁን እንጂ ከእርሱ መምጣት 10 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1762፥ ንጉሥ ባዲ አራተኛ በጦር አለቃቸው በመሐመድ አቡ ሊከይሊክ ከዙፋን መውረዳቸው፥ የስናር ንጉሥ ሥልጣን ወሰን እንደ ነበረው ያስረዳል።

እኒሁ ባዲ በ1744 የዐፄ ኢያሱ ዳግማዊን ሠራዊት ድል ያደረጉ ናቸው። በዚያ ጦርነት ከንጉሡ ጋራ ይዘምት የነበረው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ተማረከ፤ በኋላም በቤዛ ተመለሰ። ድል የተነሣው ቤተ መንግሥት ይህን ሥዕል በዋጋ ማስመለሱ፥ ሥርዐቱ የሚከበርባቸው ንዋያት ለዙፋኑ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበሩ ያሳያል።

ወደ በለስ እንመለስ። የቈላው ሕዝብ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚገኘው በአብዛኛው ዘመቻ ሲወርድበትና ሰው ሲማረክበት ነው፤ የሚጠራውም ዛሬ በማንጠቀምበት የንቀት ስም ነው። ዜና መዋዕል ጸሓፊው ሥርዐት ብሎ የሚመዘግበው በዙፋን ዙሪያ የሚደረገውን ነበርና፥ ዙፋን የሌለው ሕዝብ ሥርዐት የሌለው መስሎ ታየ። ጉሙዝ ግን ዘውድ የሚጭኑለት ንጉሥ ባይኖረውም፥ ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌዎች ፊት የሚታረቁበት ማንጊማ የተባለ ሥርዐት አለው። በአክሱም በዳይና ተበዳይ አልነበሩም፤ በማንጊማም ዘውድ የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፥ ነገሩ በጕባኤ ፊት ተጠይቆና ተመስክሮ የሚጸና መሆኑ ነው።

በ2020 እና በ2021 በመተከል ብዙ ሰው በግፍ አልቆአል፤ ነባሩም ሰፋሪውም ተፈናቅሎአል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የዕርቅ ሥርዐት የሚያውቁ አረጋውያን ሳሉ ቃላቸውን በቋንቋቸው መዝግቦ ማኖር፥ የታሪክ ተማሪ የአክሱምን ብራና በሚመረምርበት ትጋት ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው።