በጠባቧ በር የገቡት
(ስለ 1959ኙ የትናንሽ ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮና)

የታሪክ መጻሕፍት ለታላላቅ አደባባዮች ያደላሉ። ንጉሥ የነገሠበት፣ ጦር የተሰለፈበት፣ ሕዝብ ያጨበጨበበት ስፍራ ቶሎ ይጻፋል። በገጠር ከተማ፣ በጥቂት ሰው ፊት የተፈጸመው ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው አጥቶ ይቀራል። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ከእነዚህ ከሚረሱት አንዱን ነው፤ በቴክሳስ በረሃ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ የተደረገ የትናንሽ ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮና። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1959 ነው፤ በእኛ 1951 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቤዝቦል በሀገራችን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ነውና አስቀድሜ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል። በሚገባ ከመታ በአራት ማዕዘን ከተቀመጡት ማረፊያዎች ሦስቱን በየተራ ረግጦ ወደ አራተኛው፣ ወደ ተነሳበት ስፍራ ለመመለስ ይሮጣል። ያ የተነሳበት ስፍራ በጨዋታው ቋንቋ «ቤት» ይባላል። እንግዲህ አንድ ነጥብ ማለት አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ በደኅና ቤቱ ገባ ማለት ነው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው። በአንዱ ማረፊያ ላይ የቆመ ሯጭ ኳሷ ሳትመታ፣ ወርዋሪውን አዘናግቶ ወደ ሚቀጥለው ማረፊያ ቢፈተለክ «ሰረቀ» ይባላል። ሰርቆ የማይወቀስበት፣ ይልቁንም የሚመሰገንበት ጨዋታ ይህ ነው። ቤትና ስርቆት የሚሉትን ሁለት ቃላት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከጥንት ጀምሮ የባለጸጎችና የትልልቆች ነበረ። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚባለው ታላቁ ማኅበር የኮሌጅ ቤዝቦል ሻምፒዮና በ1947 ሲጀምር ትናንሾቹን ኮሌጆች ለይቶ አላሰበባቸውም። ለእነርሱ ለብቻቸው ብሔራዊ የቤዝቦል ሻምፒዮና ያዘጋጀላቸው ለሁለተኛው ምድብ በ1968፣ ለሦስተኛው ደግሞ በ1976 ነው። ይህን ክፍተት አስቀድሞ ያየው ሌላ ማኅበር ነበር። ጅማሬው በ1937 በካንሳስ ሲቲ በተደረገ የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዱ የቅርጫት ኳስን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚት ራሱ ነበር። ይህ ማኅበር በ1952 ኤን.ኤ.አይ.ኤ. የሚለውን ስም ያዘ፤ በ1957 ደግሞ የቤዝቦል ሻምፒዮናውን ጀመረ።

ነገር ግን የትናንሾች ማኅበር ነው ብሎ ከኃጢአት ነጻ ማድረግ አይቻልም። የተገፋ ሁሉ ሌላውን ከመግፋት አይመለስምና። ይህ ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁር ተጫዋች ወደ ውድድሩ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በ1947 የኢንዲያና ስቴት አሰልጣኝ ጆን ውደን ቡድኑ ሲጋበዝ ግብዣውን ሳይቀበል ቀረ፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ክላረንስ ዎከር ጥቁር ነበረና። በዓመቱ ማኅበሩ ከየአቅጣጫው ግፊት ሲበረታበት ክልከላውን አነሳ፤ ዎከርም በ1948 ከጓዶቹ ጋር ተሰለፈ። ዎከር በቡድኑ ተጠባባቂ ተጫዋች ነበር። እንግዲህ በሩን የከፈተው ኮከብ አልነበረም ማለት ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ነበር እንጂ። በ1953 ማኅበሩ የጥቁር ኮሌጆችን ራሳቸውን ተቀበለ። ከዚያም ቴኔሲ ኤ ኤንድ አይ የተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ከ1957 እስከ 1959 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የቅርጫት ኳሱን ዋንጫ ወሰደ። በር አንዴ ገርበብ ካለ መልሶ መዝጋት አይቻልም።

አሁን ወደ ሉዊዚያና እንሂድ። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በባተን ሩዥ ሰዘርን ዩኒቨርሲቲ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት አለ። በ1880 በኒው ኦርሊንስ ተመሥርቶ በ1914 ወደዚህ የተዛወረ ነው። በ1956 የሉዊዚያና ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ላይ ስፖርት እንዳይጫወቱ፣ በአንድ ላይ እንዳይጨፍሩ፣ በመዝናኛ ስፍራም እንዳይቀላቀሉ የሚከለክል ሕግ። ኳስ ሲወረወር የወርዋሪው እጅና የመቺው እጅ አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖራቸው ይገባል እንደ ማለት ነው። ጆሴፍ ዶርሲ የተባለ ጥቁር ቦክሰኛ ይህን በመቃወም ክስ አቀረበ። በ1958 የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ በ1959ም የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። የሰዘርን ልጆች ለሻምፒዮናው የተዘጋጁት እንዲህ ባለው ወቅት ነበር። ከነጭ ኮሌጆች ጋር ለመወዳደር ከክፍለ ሀገራቸው መውጣት፣ ወደ ሩቅ መሄድ ነበረባቸው።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ሉ ብሮክ የሚባል አንድ ወጣት ነበር። በ1939 በአርካንሳ ተወልዶ፣ በሉዊዚያና ኮሊንስተን በምትባል መንደር በጥጥ እርሻ መካከል በድህነት ያደገ ነው። ልጅ ሳለ በክፍል ውስጥ አጥፍቶ መምህርቱ የቀጣችው ቅጣት ስለ ታዋቂ የቤዝቦል ተጫዋቾች አንብቦ ለክፍሉ እንዲያስረዳ ነበር። ኋላ ሲናገር፣ ከንባቡ ሁሉ በልቡ የቀረው የተጫዋቾቹ ዝና አልነበረም፤ ለምግብ ብቻ በቀን ስምንት ዶላር እንደሚሰጣቸው ማወቁ ነበር። ጥጋብ የሚያውቅ ልጅ ቢሆን ስለ ዝናው ያልም ነበር፤ የተራበ ልጅ ግን ስለ ምሳ አበል ያልማል።

ሰዘርን ዩኒቨርሲቲ የገባው በኳስ ችሎታው አልነበረም። በትምህርቱ ባገኘው የነጻ ትምህርት ዕድል ገብቶ ሒሳብ ያጠና ጀመር። ውጤቱ ከሚፈለገው ዝቅ ሲል ግን ዕድሉን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በራሱ አንደበት የተተረከ ነው። የሚበላው አልነበረውም። አሰልጣኙ አይቶ ያስገባኝ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ ማንም ሳይጠራው፣ የቡድኑ ልምምድ ላይ እየተገኘ ኳስ ያሯሩጥ፣ ይለቅም ጀመር። አንድ ቀን ግን ከራብና ከድካም ብዛት ሜዳው ላይ ተዘርሮ ወደቀ። ሲነቃም፣ ከርኅራኄም ይሁን ከጉጉት፣ ጥቂት ኳስ እንዲመታ ዱላ ሰጡት። እርሱም ኳሶቹን ከአጥር በላይ አሻገራቸው። በዚህም የትምህርት ዕድሉን በኳስ በኩል መልሶ አገኘ።

ይሁንና ታሪክ እንደ ተረት ወዲያው አይሰምርም። በመጀመሪያው ዓመት ከአምስት ሙከራ አንዱን እንኳ በወጉ መምታት ተስኖት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ያለው ስሌት ይገባኛል፤ የወሩን ሒሳብ ብቻ አይቶ ደንበኛን ማሰናበት ቀላል ነው። ያ አሰልጣኝ ግን አላሰናበተውም። በሁለተኛው ዓመት ብሮክ ከሁለት ሙከራ ከአንዱ በላይ የሚመታ ሆነ። በዚህ ጨዋታ ከአሥር ሦስቱን የመታ ሰው እንደ ጎበዝ ይቆጠራል።

አልፓይን የምትባለው ከተማ በምዕራብ ቴክሳስ በተራሮች መካከል ያለች፣ ከብት አርቢዎች የሚኖሩባት ደጋማ ስፍራ ናት። ኸርበርት ኮከርኖት የተባለ ባለ ከብት ጌታ፣ በቤዝቦል ፍቅር ተነድፎ፣ በ1947 ከራሱ ርስት በተፈለጠ ቀይ ድንጋይ ያማረ ስታዲየም ሠራባት። የከብቶቹን መለያ ምልክት ሳይቀር በስታዲየሙ ላይ አኑሮበታል። ትናንሾቹ ኮሌጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሻምፒዮናዎች ያደረጉት በዚህ ሜዳ ነው። በ1957 የከተማዋ የራሷ ኮሌጅ ሰል ሮስ አሸነፈ፤ ባለ ርስቱም ደስ ብሎት መሆን አለበት። በ1959 ግን ከሉዊዚያና የመጡት እንግዶች፣ የሰዘርን ጥቁር ልጆች፣ ሁሉን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ከጥቁሮች ኮሌጆች መካከል በቤዝቦል ብሔራዊ ሻምፒዮን ለመሆን የመጀመሪያው ሰዘርን ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ታላቁ ሊግ ሲገባ ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ብዙም ተጽፎለታል። ሆኖም ሮቢንሰን የገባው ብቻውን ነው፤ ቡድኑ የነጮች ነበር። በአልፓይን ያሸነፉት ግን ከአሰልጣኝ እስከ ተጠባባቂ አንድ ሙሉ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበሩ። አንድ ሰው ሲያሸንፍ «እርሱ ልዩ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ትምህርት ቤት ሲያሸንፍ ግን እንዲህ ያለው ማመካኛ አይሠራም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉት የአበው ብሂል እዚህም ሠርቷል።

ብሮክ በ1960 ለቺካጎ ከብስ ፈረመ። በሰኔ 1964 ቺካጎ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሳልፎ ሰጠው፤ በምትኩም ኧርኒ ብሮግሊዮ የተባለ ዝነኛ ወርዋሪ ተቀበለ። በጊዜው ብዙዎች ቺካጎን ያተረፈ መስሏቸው ነበር። ሴንት ሉዊስ ግን በዚያው ዓመት የሀገሪቱን ታላቅ ዋንጫ ወሰደ፤ በ1967ም ደገመ። ልውውጡ እስከ ዛሬ የኪሳራ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። በ1974 ብሮክ በአንድ የውድድር ዘመን 118 ማረፊያ ሰረቀ። ጨዋታ ሲያቆም በ1979 የሰረቃቸው ማረፊያዎች 938 ደርሰው ነበር፤ ሪከርዱም እስከ 1991 ሳይሰበር ቆየ። በ1985 በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ ተጻፈ። በመስከረም 2020 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ምሳ የሚበላው ያጣ ልጅ የሌብነት ንጉሥ ሆነ! ከመንገድ አንዲት ዳቦ አንስቶ ቢሆን ኖሮ እስር ቤት በጠበቀው ነበር። በሕግ የተፈቀደች አንዲት ስርቆት ስላገኘ ግን በክብር ወደ «ቤት» ተመለሰ። በዚያ ዘመን በዚያ ሀገር ስንቱ ብሮክ ዱላ የሚያቀብለው አጥቶ ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ ቀርቶ ይሆን? ታሪክ የሚቆጥረው የተነሱትን ነው፤ የወደቁትን የሚቆጥር መዝገብ የለውም።

ያ ሻምፒዮና ዛሬም አለ። ከ2000 ወዲህ መኖሪያውን በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ባለችው በሉዊስተን አድርጓል። በ2025 ከሉዊዚያና የመጣ የሽሪቭፖርት ዩኒቨርሲቲ ቡድን 59 ጨዋታ ተጫውቶ 59ኙንም በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ። አንድም ሽንፈት ያልነካው የውድድር ዘመን ነው! ዜናውን ሳነብ ግን ልቤ ወደ ኋላ ሄደ። ሉዊዚያና፣ ያቺ ልጆቿ በቀለም ተከፍለው እንዲጫወቱ ሕግ ያወጣች ሉዊዚያና፣ ከዚያው ውድድር ዋንጫ ይዘው የገቡላት ጥቁር ልጆቿ ነበሩ።

በታላላቆቹ በር ማለፍ ያልተፈቀደላቸው በትንሿ በር ገብተዋል። ትንሿም በር ብትሆን በነጻ አልተከፈተችላቸውም፤ አንዱ አሰልጣኝ ግብዣ መልሶ፣ አንዱ ቦክሰኛ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ አንዱ ተጠባባቂ ተራውን ጠብቆ ነው የተከፈተችው። ለእነርሱ መታሰቢያ ትሁን ብዬ እነዚህን ስንኞች ቋጥሬአለሁ፤

በሩ ትንሽ ቢሆን ቢያስጎነብስም፣
ውጭ እንደ መቅረት ግን ሰው አያስለቅስም።
ጠኔ የጣለውን አንድ ዕድል ያነሣል፣
ሰርቆ የሮጠውም ቤቱ ይመለሳል።