ኦሃዮ፦ በጋዝ ላይ የተነፈገ፣ በፀሐይ ላይ የተሰጠ ሥልጣን

በአሜሪካዋ ኦሃዮ አንድ ኩባንያ የጋዝ ጉድጓድ ሊቆፍር ሲመጣ የአካባቢው አስተዳደር "እዚህ አይሆንም" ማለት አይችልም። ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ሲል ግን ገና ማመልከቻው ሳይገባ ሊያግደው ይችላል። ይህ እንዴት ሆነ?

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ2008 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የግዛቷ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እስከ 2025 ድረስ ከሚሸጡት ኃይል 12.5 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ እንዲያመጡ የሚያስገድድ ነበር። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም ደገፈው፤ ተቃዋሚ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ነፋሱ ዞረ። በ2014 ገዢው ጆን ኬሲክ ግዴታው ለሁለት ዓመት እንዲቆም የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት በሌላ ሰፊ የበጀት ሕግ ውስጥ አንዲት ትንሽ አንቀጽ ገባች፦ የነፋስ ተርባይን ሊርቅ የሚገባው ርቀት ከጎረቤት ቤት መለካቱ ቀርቶ ከጎረቤት መሬት ድንበር እንዲለካ። ለሚያነበው ተራ ነገር ትመስላለች። ለነፋስ ኃይል ግን በሩን ልትዘጋ ምንም አልቀራትም። ኬሲክ ራሳቸው በ2016 የታዳሽ ኃይሉን ግዴታ የበለጠ ለማላላት የመጣውን ረቂቅ ውድቅ አድርገውታል፤ ይህ ሊረሳላቸው አይገባም።

ከዚያ የ2019ኙ "ሐውስ ቢል 6" መጣ። ሕጉ ሁለት የኒውክሌር ጣቢያዎችን ከደንበኞች ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ሊደጉም፣ የታዳሽ ኃይሉን ግብ ደግሞ ወደ 8.5 በመቶ ዝቅ ሊያደርግ የወጣ ነበር። ለሁለት ያረጁ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎችም ድጎማ ሰጠ፤ አንዱ እንዲያውም ያለው ኦሃዮ ውስጥ ሳይሆን ጎረቤት ኢንዲያና ነው። በዓመቱ አፈ ጉባኤው ላሪ ሐውስሆልደር ታሰሩ። ፈርስት ኢነርጂ ከተባለው ኩባንያ በኩል 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአፈ ጉባኤው ቡድን መፍሰሱ ታወቀ። በ2023 ጥፋተኛ ተብለው 20 ዓመት ተፈረደባቸው። የኒውክሌሩ ድጎማ በ2021 ተሻረ፤ የከሰሉ ግን ቀጠለ። ኮሎምበስ ከሚኖረው ሐበሻም ብዙው ይህን ሒሳብ ሳያውቀው በየወሩ ሲከፍል ኖሯል።

"ሴኔት ቢል 52" የመጣው በዚህ መሃል ነው። ገዢው ማይክ ዴዋይን የፈረሙት በሐምሌ 2021 ሲሆን፣ ፈርስት ኢነርጂም 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል የተስማማው በዚያው ወር ነበር። በሕጉ መሠረት የካውንቲ ኮሚሽነሮች ከከተሞች ክልል ውጭ ባለው መሬት 50 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ፣ 5 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ የነፋስ ማመንጫ ሊከለክሉ ይችላሉ።

የደጋፊዎቹ ክርክር ባዶ አይደለም። ትልቅ ማመንጫ በመቶዎች የሚቆጠር ሔክታር የእርሻ መሬት ይወስዳል። ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሎምበስ ላይ የተቀመጠ ቦርድ ነው። ከማሳው አጠገብ የሚኖረው ሰው ይጠየቅ ማለት ነውር የለበትም። መሬቱን አከራይቶ ቋሚ ገቢ ሊያገኝ ያሰበው ገበሬም እኮ የዚያው ካውንቲ ሰው ነው! የእሱ ድምፅ በጎረቤቱ ድምፅ ተሻረ።

ክርክሩ የሚፈርሰው ጋዙ ጋ ሲደርስ ነው። በ2004 የወጣ ሕግ ነዳጅና ጋዝ ቁፋሮን የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለግዛቷ መንግሥት ብቻ ሰጥቷል። መንሮ ፎልስ የተባለች ትንሽ ከተማ አንድ ጉድጓድ በራሷ ደንብ ልታስቆም ሞከረች። በ2015 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ረታት። "የአካባቢው ሕዝብ ይወስን" የሚለው መርሕ ለእሷ አልሠራም። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ዴዋይን የተፈጥሮ ጋዝን "አረንጓዴ ኃይል" ብሎ የሚሰይም ሕግ ፈረሙ።

እስካሁን ከ88ቱ ካውንቲዎች ከ20 የሚበልጡት በሴኔት ቢል 52 ተጠቅመው ክልከላ አውጥተዋል። ሕዝቡም ሁልጊዜ ተታሏል ማለት አይቻልም፤ በ2022 ክሮፎርድ ካውንቲ የነፋስ ኃይል እገዳውን በሕዝበ ውሳኔ በሰፊ ልዩነት አጽድቋል።

በ2025 የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲያሻቅብ ምክር ቤቱ አዲስ የኃይል ሕግ አወጣ። የከሰሉ ድጎማ በመጨረሻ ተነሣ። ሴኔት ቢል 52 ግን አልተነካም።