የክዳን ነገር

የአባቴ ደብዳቤዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ክዳኑ ሲጫኑት ጠበቅ ያለ ድምፅ ስለሚያሰማ ሁላችንም እናምነው ነበር። በአንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ፤ ቆርቆሮውን ስንከፍት ያገኘነው ሰማያዊ እድፍ የወረሰው ወረቀት ነው። በባንክ ሥራዬ ፊርማን ከፊርማ ሳመሳክር ያ ቆርቆሮ ትዝ ይለኛል። ስለ ጂኦካሺንግ ታሪክ ሳነብም ቀድሞ የያዘኝ ጨዋታው ሳይሆን ዕቃው ነው።

ጂኦካሺንግ አንዱ የደበቀውን ዕቃ ሌላው በሳተላይት ጠቋሚ እየተመራ የሚፈልግበት ጨዋታ ነው። ያገኘ ሰው በውስጡ ባለው መዝገብ ስሙን ጽፎ ዕቃውን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሀብቱ እንግዲህ ወርቅ አይደለም፤ ስም የተጻፈበት ወረቀት ነው። የወረቀት ጠላት ደግሞ ውኃ ነው።

የዚህ ጨዋታ ቀዳሚ በእንግሊዝ አገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ በዳርትሙር ረግረጋማ ምድር፣ ክራንሚር ፑል በተባለው ሥፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ፤ እስከዚያ የዘለቁ መንገደኞችም የስም ካርዳቸውን ይተዉበት ጀመር።

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። እስከ መቶ ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ታማኝ ሆነ። በማግሥቱ ዴቭ ኧልመር የተባለ ሰው በኦሬገን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አቅራቢያ፣ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀብሮ አኖረ። መጽሐፍ፣ ወንጭፍና የታሸገ ባቄላ ከመዝገቡ ጋር ነበሩበት። ዛሬ የጨዋታው ደንብ ምግብ ማኖርንም፣ ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ ቆፍሮ መቅበርንም ይከለክላል፤ ምግብ አውሬ ይጠራልና።

ከባልዲው በኋላ የተወደደው የአሜሪካ ጦር የጥይት ሣጥን ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ምሥጢሩ ግን በክዳኑ ዙሪያ የተገጠመው የጎማ ቀለበትና ክዳኑን ጨምቆ የሚይዘው መቆለፊያ ነው። ለጠባብ ሥፍራ ደግሞ የ35 ሚሊ ሜትር የፎቶግራፍ ፊልም መያዣ ተመረጠ። ትንሽ ነው፤ በነጻም ይገኝ ነበር። ክዳኑ ሲጫኑት ድምፅ ያሰማል፤ እርጥበት ግን ያስገባል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የብስኩቱ ቆርቆሮ ፊቴ ድቅን አለ።

ልምድ ያስተማራቸው ሰዎች ወደ ሌላ ዕቃ ዞሩ። አንዳንዶቹ በአራት ጎን የሚቆለፈውን፣ ክዳኑ የሲሊኮን ቀለበት ያለውን የምግብ ዕቃ መረጡ። ሌሎቹ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገና ሳይነፋ ያለውን ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ወሰዱ፤ ክዳኑ ተጠማዝዞ ይጠብቃልና።

መፈተኛው ቀላል ነው። ደረቅ ለስላሳ ወረቀት ከከባድ ጠጠር ጋር ከትቶ፣ ዘግቶ፣ በውኃ ባልዲ ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ ዕቃው አይረባም። መዝገቡንም በእርሳስ መጻፍ ይሻላል፤ ቀለም በውኃ ይሟሟል፣ እርሳስ ግን ይጸናል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ አንድ ነገር ይቀራል። የመዝገቡ ከረጢት ጫፍ በክዳኑ መካከል ከተያዘ፣ ያ ጫፍ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ከእርሱ በፊት የመጡትን ሁሉ ስም የሚጠብቀው ዕቃውን የመረጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ የዘጋው ሰው ጭምር ነው።

ያን የብስኩት ቆርቆሮ መጨረሻ የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ከደብዳቤዎቹ የዳነው አባቴ በእርሳስ የጻፈው አንድ ገጽ ነው። አሁን ክዳኑ በሚጠመዘዝ ዕቃ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ክረምት ሲገባም ክዳኑን እንደገና አጠብቃለሁ።