ብርቅዬው ዘንዶና ገበያው፦ የአንድ የቤት እንስሳ አጭር ታሪክ



የንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ስለ እባብ ምን ሊናገር ነው ብላችሁ የመጣችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። የአገራችንን የዝባድ ንግድ ለሚያውቅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጥርኝ ከዱር ተይዞ፣ በጠባብ ጎጆ ተዘግቶበት፣ ከገላው የሚወጣው ሽቱ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ኖሯል። የዛሬው ርእሴ የሆነው ዘንዶ ከጥርኝ የሚለየው ራሱ ሕያው ሆኖ ከነመልኩ በመሸጡ ነው። እንዲያውም ውድ ዋጋ የሚያወጣው መልኩ ሲሳሳት ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

እንስሳው በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ፣ ማለትም ንጉሣዊ ዘንዶ ይባላል። ስሙን በ1802 ያወጣለት እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው ነው። አሜሪካውያን ደግሞ ሲፈራ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ቦል ፓይተን ይሉታል። ዘንዶ ሲባል ፍየል የሚውጥ አውሬ የሚታየን ብንሆንም፣ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ መርዝም የለውም። በቤኒን፣ በዊዳ ከተማ፣ ከካቶሊካውያኑ ባዚሊካ ፊት ለፊት የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ ቆሟል። በዚያ አካባቢ እንስሳው የተቀደሰ ነውና አይገደልም፤ ሰው ቤት ገብቶ ቢገኝ በክብር ተይዞ ይመለሳል። እኛ የነገሥታቱን ታሪክ አርዌን በመግደል ስንጀምር፣ እነርሱ እባቡን አክብረው ኖረዋል።

ከዚያው ምድር፣ ከቤኒን፣ ከቶጎና ከጋና፣ ከ1975 ወዲህ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕያዋን ዘንዶዎች ወደ ውጭ ተልከዋል። አዳኞች እንቁላል የያዙ እናቶችንና እንቁላሎቹን ከጉድጓድ ያወጣሉ፤ የተፈለፈሉት ግልገሎች በሣጥን ታሽገው በአውሮፕላን ይጫናሉ። ከእነዚህ መካከል ነው አልፎ አልፎ አንድ ነጭ፣ አንድ ብጫ ወይም አንድ ዝንጉርጉር ብቅ የሚለው። በሣር ሜዳ እንዲህ ያለ መልክ ለጭልፊት ይበጃል፤ በአሜሪካ ገበያ ግን ሀብት ነው።

ይህ ሀብት የሚገኝበትን ስልት ያሳየው ነጋዴ አልነበረም። የቆዳ ሐኪም የነበረው በርናርድ ቤክቴል በ1953 በሰሜን ካሮላይና ከተያዘ አንድ አልቢኖ የበቆሎ እባብ ተነሥቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ባሕርዩ እንዴት እንደሚወረስ በእርባታ አረጋገጠ፤ ውጤቱም በ1962 ታተመ። ባሕርዩ ድብቅ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ካልተወረሰ አይገለጥም። ስለዚህ አልቢኖው ከተራ እባብ ጋር ሲራባ ልጆቹ ሁሉ ተራ መስለው ይወለዳሉ። ነጩን ዳግመኛ ለማየት ልጆቹን እርስ በርሳቸው ወይም ከወላጃቸው ጋር ማራባት፣ ሴቶቹም እስኪያድጉ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል። አሜሪካዊው አርቢ ቦብ ክላርክ በ1992 የመጀመሪያዎቹን አልቢኖ ንጉሣዊ ዘንዶዎች ያስፈለፈለው በዚሁ መንገድ ነው። በ1997 ደግሞ ነጭና ቡናማ የተጣለበት፣ እኛ በከብት ቢሆን ቡራቡሬ የምንለው መልክ፣ የሚወረስ መሆኑን ፒተር ካል አሳየ። ከዚያ በኋላ አርቢዎች ሞርፍ የሚሏቸው መልኮች እርስ በርስ እየተዳቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ተፈጠሩ። መጀመሪያ ብዙ ሺሕ ዶላር ያወጣ የነበረው አልቢኖ ዛሬ ተራ ሠራተኛ የሚገዛው ሆኗል። ብርቅዬነት ሲራባ ብርቅነቱን ያጣልና፣ ገበያው ዘወትር አዲስ መልክ ይጠይቃል።

አያያዙም ታሪክ አለው። ቀደምቶቹ ከዱር የተያዙ ስለነበሩ ጥገኛ ትላትል ይዘው ይመጡ፣ ምግብም እንቢ ብለው ይሞቱ ነበር። በእጅ የተፈለፈሉት ግን አይጥ በቀላሉ ይበላሉ፤ እርባታው የተስፋፋው ለቀለሙ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። እንስሳው የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ፣ የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ሌላው ወደ 26 ይደረግለታል፤ እርሱም እንደ ፍላጎቱ ይዛወራል። አየሩ ከደረቀ ቆዳውን በቅጡ አይገፍም። መሸሸጊያ ካጣ ይጨነቃል፤ ጤነኛ ሆኖም ለወራት ሊጾም ስለሚችል ጀማሪ ባለቤት ይደነግጣል። ከሁሉ በላይ ግን ዕድሜው ነው። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ በ1961 የገባች አንዲት ዘንዶ፣ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆናት ሲገመት፣ ለረጅም ዘመን ከወንድ ጋር ሳትገናኝ በ2020 እንቁላል ጥላለች። ለመልኩ ተብሎ በወጣትነት የተገዛ ግልገል ገዢውን ሽማግሌ አድርጎ ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ስፓይደር የተባለው መልክ ነው። በቀጭን ጥቁር መስመር የሸረሪት ድር የሚመስለው ይህ ዘንዶ በ1999 ወደ አሜሪካ ገባ። ባሕርዩ ድብቅ ስላልሆነ አንድ ወላጅ ይበቃዋል፤ በፍጥነትም ተዛመተ። ነገር ግን መልኩን የወረሰ ሁሉ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ የሚዛን ጉድለትንም ይወርሳል፦ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ አይጡን ሲወረውርበት ይስታል። በ2022 የታተመ ጥናት ችግሩ ከውስጠኛው ጆሮ መዛባት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በብሪታንያ ዓለም አቀፍ ሄርፔቶሎጂ ማኅበር በትርኢቶቹ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ብዙ አርቢዎች ግን «ይበላል፣ ይራባል፤ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ይህ መመዘኛ የሻጭ መመዘኛ ነው። ጎተራ ውስጥ ያለን እህል እንጂ ሕያው ፍጡርን አይመዝንም፤ ማራባቱ መቆም አለበት ባይ ነኝ።

እርባታው ከዱር የሚደረገውን አደን ያስቀራል የሚል ተስፋም ነበር። አልሆነም። ተራ መልክ ያላቸው ግልገሎች ዛሬም ከምዕራብ አፍሪካ ይላካሉ፤ አዲስ መልክም የሚፈለገው ከዚያው ከዱሩ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንስሳውን ለአደጋ ከተቃረቡት መድቦታል። በየአርቢው የዘር መዝገብ የመጀመሪያው አልቢኖ አሜሪካዊ ባለቤት ስም ተጽፏል፤ ከጉድጓዱ ያወጣው ገበሬ ስም ግን በየትኛውም ላይ አላገኘሁትም።