ቃላትን በየወገናቸው ስለ መለየት



በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ዛሬ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ፥ ቁርሱን ከመቅመሱ በፊት፥ በስልኩ መስተዋት ላይ የተደረደሩ 16 ቃላት ይቀርቡለታል። ቃላቱ ያለ ሥርዓት የተደበላለቁ ናቸው። የሰውዬውም ሥራ እነዚህን ቃላት አራት አራት አድርጎ በአራት ወገን መለየት ነው። ወገኑ ምን እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የሚነግረው የለም፤ ከቃላቱ መካከል ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። አራት ጊዜ ከተሳሳተ የዚያ ቀን ጨዋታ ያበቃል፤ አዲሱም የሚቀርበው በማግስቱ ነው። ይህ ጨዋታ “ኮኔክሽንስ” ይባላል፤ ትርጓሜው ግንኙነቶች ማለት ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በጁን ወር 2023 ዓ.ም. ለአንባቢዎቹ አቀረበው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው ተንኰል ያለ ምሳሌ አይገባምና፥ በራሳችን ቋንቋ አንድ እንሞክር። መስቀል፥ ሩጫ፥ ፋሲካ፥ ገና፥ ትግል፥ ጥምቀት፥ ዋና፥ እንቁጣጣሽ፤ እነዚህን ስምንት ቃላት በሁለት ወገን፥ አራት አራት አድርገን እንድንለይ ታዘዝን እንበል። በዓላቱን ለመሰብሰብ የሚቸገር ሰው የለም፤ እጃችን ፈጥኖ መስቀልን፥ ፋሲካን፥ ገናንና ጥምቀትን ያነሣል። ወዲያውም ስሕተት ነው እንባላለን። እንቁጣጣሽ ከሩጫ፥ ከትግልና ከዋና ጋራ ቀርታለችና፤ እርሷ ደግሞ ከእነርሱ ጋራ የምትሰለፍበት ምክንያት የላትም። መልሰን ብንቈጥር በዓላቱ አምስት፥ የቀሩት ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን። እንግዲህ ከአምስቱ አንዱ በሁለት ቤት የሚያድር ነው። እርሱም ገና ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ወጣቶች ዱላ ይዘው በሜዳ ላይ ሩር የሚያሳድዱበት ጨዋታ ስሙ ገና ነውና፥ ከሩጫ፥ ከትግልና ከዋና ጋራ ይመደባል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን መሰብሰብ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው፥ ከተመሳሳዮቹ መካከል ቦታው ሌላ የሆነውን ማወቅ ነው። ጨዋታውን የለመዱ ሰዎች አምስት የሞላውን ወገን ለጊዜው ይተዉትና፥ ዘመድ ያጣውን ቃል አስቀድመው ይፈልጋሉ። በቅኔ ቤት ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የሚይዘውን ኅብር ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

በጋዜጣ ላይ የዕለት ወይም የሳምንት የቃል እንቆቅልሽ እንዲስፋፋ ያደረገው አርተር ዊን የተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ ነው፤ ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ዓ.ም. “ኒው ዮርክ ወርልድ” በተባለው ጋዜጣ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት አወጣ። ኒው ዮርክ ታይምስ ግን በዚያ ጊዜ ነገሩን ይንቅ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. ጊዜ ማባከን ነው ሲል በጽኑ ነቀፈው። ራሱ መስቀለኛ ቃላት ማተም የጀመረው አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ደግሞ ለጨዋታው ብቻ ብለው ገንዘብ የሚከፍሉት ደንበኞች አሉት። ቃላትን በአራት ወገን የመለየቱንም ጨዋታ ቢሆን መጀመሪያ የጀመረው እርሱ አይደለም። ቢ.ቢ.ሲ. በ2008 ዓ.ም. “ኦንሊ ኮኔክት” የሚባል የቴሌቪዥን ውድድር ከፍቶ፥ ሦስት ሰዎች ያሉበት ቡድን በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ 16 ቃላትን በአራት ወገን እንዲለይ ያደርግ ነበር። የአሜሪካው ጨዋታ በወጣ ጊዜም የውድድሩ አቅራቢ ወይዘሮ ቪክቶሪያ ኮረን ሚቸል መመሳሰሉን በይፋ ከማንሣት አልተመለሱም።

ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወገኑ የሚገኘው በቃላቱ ውስጥ ነው ወይስ በሰዎቹ ውስጥ? “ካርዲናሎች”፥ “መላእክት” እና “አባቶች” የሚሉ ስሞች በፊታችን ቢቀርቡ፥ እኛ ያለ ጥርጥር የቤተ ክርስቲያን ወገን ናቸው ብለን እንሰበስባቸዋለን። የአሜሪካ ሰው ግን ሦስቱም የቤዝቦል ቡድኖች ስሞች መሆናቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። እርሱም በበኩሉ፥ የእኛን ምሳሌ በቋንቋው ተርጕመን ብንሰጠው፥ ገናን የሚያውቀው በበዓልነቱ ብቻ ስለ ሆነ ቢያድርም አይፈታው። ሁለታችንም አላዋቂ ከመባል አንድናለን፤ የኖርንበት ቤት ግን ልዩ ልዩ ነው።

ነገሩ በጨዋታ ብቻ ቢቀር ኖሮ እዚሁ እናቆም ነበር። ነገር ግን የሰው አእምሮ የሚመዘንበት ሚዛን ሆኖ ያውቃል። አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሶቪየት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1931 እና በ1932 ዓ.ም. ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ፥ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ገበሬዎችን መረመረ። የመዶሻ፥ የመጋዝ፥ የመጥረቢያና የግንድ ሥዕል እያሳየ፥ ከአራቱ ከሌሎቹ ጋራ የማይሄደው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃቸው ነበር። ተማሪ ቢሆን፥ ሦስቱ መሣሪያ ናቸውና ግንዱ ይውጣ ይላል። ገበሬዎቹ ግን አንዱንም ማስወጣት አልወደዱም። መጋዙ ግንዱን ይቈርጣል፥ መጥረቢያው ይፈልጠዋል፤ ግንዱ ከሌለ መሣሪያው ምን ሊሠራበት ነው፤ የነገራቸው ሐሳብ ይህ ነበር። ሌላ ሰው ግንዱን ለይቶ አውጥቶታል ቢባሉም ከሐሳባቸው አልተመለሱም። ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት የገቡት ግን መሣሪያዎቹን ለይተው አስቀመጡ። ሉሪያም ከዚህ ተነሥቶ፥ ነገርን በረቂቅ ወገን መለየት ከትምህርትና ከኑሮ መለወጥ ጋራ የሚመጣ ነው አለ። ሥራው በገዛ አገሩ ነቀፌታ ስላገኘው፥ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1974 ዓ.ም. ነው።

ሊቁን ለመንቀፍ አልደፍርም፤ ነገር ግን እርሱ የጠየቀው ስለ ስም፥ እነርሱ የመለሱት ስለ ሥራ ይመስለኛል። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አድማጮች ነገሩን በቶሎ ትረዱታላችሁ። አንዱ ጸሐፊ ደብዳቤውን በላኪው ስም፥ ሌላው በጉዳዩ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው፤ የኋለኛው ሰው ግን የፊተኛው ያስቀመጠውን ደብዳቤ ሲፈልግ ይውላል።

ሉሪያ ከመረመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ አሜሪካዊው ማይክል ኮልና ባልደረቦቹ በላይቤሪያ፥ ክፔሌ በሚባለው ሕዝብ ዘንድ ተመሳሳይ ጥናት አደረጉ። ለገበሬዎቹ 20 ዕቃዎች ቀረቡላቸው፤ የሚበላ ምግብ፥ የምግብ ዕቃ፥ ልብስና የሥራ መሣሪያ። አጥኚዎቹ የሚጠብቁት አራት ክምር ነበር። ገበሬዎቹ ግን የሚገናኙትን ሁለት ሁለት እያደረጉ አጋጠሙ፤ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋራ አኖሩት፥ ብርቱካን የሚቈረጠው በቢላዋ ነውና። ብልኅ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው ሲሉም አስረዱ። ጆሴፍ ግሊክ በ1975 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፥ መጠየቅ የሰለቸው አጥኚ በመጨረሻ፥ እንግዲያስ ሞኝ ሰው ቢሆን እንዴት አድርጎ ይለየው ነበር ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ምግቡን ከምግብ፥ መሣሪያውን ከመሣሪያ ለይተው፥ አጥኚው ሲጠብቃቸው የነበሩትን አራት ክምሮች አንድም ሳያጓድሉ ደረደሩለት።