የዴልሂ የብረት ዓምድ

ቁስ፦ በእሳት እየጋለ፣ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የተያያዘ ብረት
ዘመን፦ 400 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.)፣ የጉፕታ ሥርወ መንግሥት
መገኛ፦ ህንድ፤ አሁን በዴልሂ፣ በቁጥብ ሚናር ቅጥር ግቢ
ልክ፦ ቁመት 7.2 ሜትር ያህል፣ ክብደት ከ6 ቶን በላይ

በዓምዱ ላይ የተቀረጸው የሳንስክሪት ጽሑፍ ቻንድራ የተባለ ንጉሥን ድል ያወድሳል፤ ዓምዱ ለቪሽኑ ክብር መቆሙንም ይናገራል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ንጉሡ ዳግማዊ ቻንድራጉፕታ ነው ይላሉ።

ብረት በአፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው። አንጥረኞቹ ማዕድኑን ከከሰል ጋር ሲያነዱት ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ወስዶ ብረቱን ይለቀዋል። ብረቱ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ግን ተመልሶ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ዝገት የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህ ዓምድ 1,600 ዓመታት ያህል ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሮ ብዙም አልዛገም። ምስጢሩ ፎስፈረስ ነው። የዘመኑ አንጥረኞች ምድጃው ውስጥ ኖራ ስለማይጨምሩ ከማዕድኑ የመጣው ፎስፈረስ ብረቱ ውስጥ ቀረ። ከብረት፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶም ቀጭን የፎስፌት ሽፋን ሠራ። ቀረብ ብለው ሲያዩት የሚታየው ጠቆር ያለ ቡናማ ገጽ ይህንን ሽፋን የያዘ ነው። እርጥበት የማይለየው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ግርጌ ግን ዝጓል።

ጎብኚዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ዓምዱን በእጃቸው ለማቀፍ ሲሞክሩ ታችኛው ክፍል ተፋቀ፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ዙሪያው ታጠረ። እባክዎ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ይመልከቱ።