ስለ ዶረቲ ኬሪ ያልሰበክነው

የሚስዮን ታሪክ ስናስተምር የዊልያም ኬሪን ስም ደጋግመን እናነሣለን። ጫማ ሰፊ የነበረው ይህ ሰው አዲስ ኪዳንን ወደ ቤንጋሊ ቋንቋ ተርጉሞ በ1801 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስለ ሚስቱ ስለ ዶረቲ ግን ብዙዎቻችን አንድም ቀን ሰብከን አናውቅም።

ዶረቲ በ1756 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ገጠር ተወለደች። በ1781 ስታገባ መጻፍ ስለማትችል በመዝገቡ ላይ የመስቀል ምልክት አኖረች። ሁለት ሴት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀበረች። ባሏ ወደ ሕንድ እንሂድ ሲላት ነፍሰ ጡር ነበረችና እምቢ አለች። በኋላ ግን እህቷ አብራት እንድትሄድ ጠይቃ፣ አራስ ልጇን ታቅፋ በ1793 መርከብ ተሳፈረች።

በሕንድ የጠበቃቸው ችግርና ደዌ ነው። እህቷም አግብታ ተለየቻት። በ1794 የአምስት ዓመት ልጇ ፒተር ሞተ። ዶረቲ ያን ጊዜ አርባ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ አእምሮዋ ታወከ፤ ባሏን ከሌሎች ሴቶች ጋር ትሄዳለህ እያለች ትከስሰው ጀመር። ኬሪ ሲተረጉም እርሷ ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ባለው ክፍል ተዘግቶባት ትጮኽ ነበር። በ1807፣ በ51 ዓመቷ አረፈች።

ኬሪን ለመክሰስ አልተነሣንም፤ በዘመኑ ለዚህ ሕመም የሚረዳ መድኃኒት አልነበረም። እኛ ግን ምን ምክንያት አለን?

ዛሬም በጉባኤያችን መካከል ልጅ የምታሳድግ፣ የታመመ ወላጅ የምታስታምም፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የምታገለግል እናት አለች። «ፓስተር፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይጨነቃል» ስትለን «ጸልዪበት እህቴ» ብለን የሸኘናት ስንት ጊዜ ነው? አንዳንዴም እምነቷ የደከመ አስመስለንባታል። በዚህ በድለናል።

ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስቀድሞ አስተኛው፣ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ተናገረው (1ኛ ነገሥት 19)። እንግዲህ ከእህታችን ጋር እንጸልይ፣ ሸክሟንም እንካፈል። የስኳር ሕመምተኛን ወደ ሐኪም እንደምንልክ፣ እርሷንም ያለ ሐፍረት ወደ አእምሮ ሐኪም እንውሰዳት።

እህቴ፣ ይህን የምታነብቢው አንቺ ከሆንሽ፣ መድከምሽ ኃጢአት አይደለም። ዝም አትበዪ፤ ለምታምኚው ሰው ዛሬ ንገሪ። ጌታ ያበርታሽ።